ዘግይቶ የተጻፈ የሰላም ደብዳቤ



የተከበራችሁ አንባብያን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከ130 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። አሮጌ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ እንላለን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በመተማ በኩል ስለገቡት ሱዳናውያን ያልሰማ ሰው በእኛ አካባቢ የለም። ከባሕር ዳር ተነስቶ ሐሙሲትንና ወረታን አልፎ ወደ ጎንደር የሚዘልቀው መንገድ አዘዞ ላይ ወደ ግራ ቢታጠፍ የሚወስደው እዚያው መተማ ነው። ጦርነቱ አንድ ወር ሳይሞላው፣ ግንቦት 3 ቀን፣ የሁለቱ ጄኔራሎች ተወካዮች ጅዳ ላይ ተቀምጠው ስለ ሰላማዊ ሰዎች ደኅንነት ፈረሙ፤ ተኩሱ ግን አልቆመም። ያን ጊዜ ተማሪዎቻችን፣ መሪዎች የሚፈርሙት ሊያቆሙ ነው ወይስ ጊዜ ሊገዙ ብለው ጠይቀውናል።

የመተማን ጦርነት በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስናስተምር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ይኼኛው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በክፍል ውስጥ ሳይሆን ደወል ከተደወለ በኋላ ነው። ሙስሊም ልጆች ጠጋ ይሉና «ኡስታዝ፣ የእኛ ሰዎች ያኔ በየትኛው ወገን ነበሩ?» ይሉናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ታሪኩ በየቦታው የሚነገረው፣ ደርቡሽ መጣ፣ ጎንደርን አቃጠለ፣ ንጉሡ ተሰው ተብሎ በሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ልጁም ደርቡሽ ሲባል የራሱን አዛንና ሶላት የሚጋራ ሕዝብ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ባላጠፋው ጥፋት አንገቱን ይደፋል። ይህ እንዲሆን መተው የለብንም። ሐሰት በመናገር ግን አይደለም፤ ታሪኩን ሙሉውን በመናገር ነው እንጂ።

ከአንድ ደብዳቤ እንጀምር። የተጻፈው በታኅሣሥ 1881 ነው፤ በሒጅራ 1306 መሆኑ ነው። ጸሐፊው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ተቀባዩ በገላባት የሰፈረው የመሐዲያው ጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ ዐንጃ ነበር። የመልእክቱ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። እኔ ወደ አገርህ ገብቼ ምንም የማያውቀውን ድሃ ብፈጅ፣ አንተም ወደ አገሬ ገብተህ እንደዚሁ ብታደርግ ለሁለታችንም የሚተርፈን ነገር የለም፤ የእኔም የአንተም ጠላት አውሮጳውያን ናቸው፤ እኔን ካሸነፉ አንተን አይምሩህም፤ ስለዚህ ጠባችንን ትተን በእነርሱ ላይ እንተባበር፣ ነጋዴዎቻችንም በሰላም ይውጡ ይግቡ የሚል ነው።

ይህን ዛሬ ለሚያነብ ሰው ያስደንቃል። ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ ያየ ሰው ቃል ነው። ይሁንና ንጉሡ ያን ዓመት እንዴት እንደከረሙ ካላወቅን ደብዳቤውን በትክክል አንብበነዋል ልንል አንችልም።

በጥር 1880 የአቡ ዐንጃ ጦር ደምቢያ ወርዶ፣ ሳር ውሃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ሰበረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ፣ ከተማው ተዘረፈ፣ ሴትና ሕፃን እየተነዳ ወደ መተማ ወረደ። ዐፄ ዮሐንስ በዚህ ጊዜ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነበር። በዶጋሊ ወታደሮቹ ያለቁበት ጣልያን ከምጽዋ ከፍ ብሎ ሰዓጢ ላይ መሽጎ ነበርና፣ ከዚያው ፊት ለፊት ሰፍረው ከጄኔራሉ ጋር ተላልከው ሳይዋጉ ተመለሱ። ሲመለሱ ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት መክረውባቸው አገኙ። ወደ ጎጃም ዘመቱ፤ ባለፈው ዓመት ለእርሳቸው ሲል ከደርቡሽ ጋር የተዋጋውን አገር የገዛ ሠራዊታቸው እንደ ጠላት አገር መዘበረው። ደብዳቤው የተጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በሦስት በኩል የተከበበ ሰው ደብዳቤ ነው።

ተቀባዩም ያነበበው እንደዚያ ነው። የአቡ ዐንጃ መልስ ስድብ የሞላበት ነበር። ሸሃዳ ሳትል ሰላም መጠየቅህ የአእምሮህን ማነስ ያሳያል፣ በእኛና በአንተ መካከል ያለው ሰይፍ ነው የሚል መንፈስ አለው። ከአንድ ዓመት በፊት ጎንደርን የረገጠ ጄኔራል ስለ አውሮጳውያን አደጋ የሚነገረውን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። የታየው የጠላቱ መድከም ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ማለት እንፈልጋለን። አቡ ዐንጃም ሆነ አለቃው ጦርነቱን ያካሄዱት በእስልምና ስም ነው። ሱረቱል አንፋል ቁጥር 61 ግን ጠላት ወደ ሰላም ካዘነበለ አንተም አዘንብል የሚለውን ትእዛዝ የያዘ ነው። ቢያታልሉንስ የሚል ስጋት ቢነሳ፣ የሚቀጥለው ቁጥር 62 ሊያታልሉህ ቢፈልጉ እንኳ አላህ በቂህ ነው የሚል መልእክት አለው። የሰላም ጥያቄ ከደካማ መጣ ተብሎ ይመለስ የሚል ቃል አላገኘንበትም። በነዚህ አንቀጾች አፈጻጸም ላይ ዑለማዎች ብዙ የተነጋገሩበት ዝርዝር መኖሩን እናውቃለን፤ ነገር ግን ስድብን መልስ ያደረገ የፊቅህ መጽሐፍ የለም።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። ኸሊፋ ዐብዱላሂ፣ የመሐዲው ተተኪ፣ የአበሻን ጉዳይ በተመለከተ እጃቸውን የሚይዝ አንድ ሐዲስ እንደነበረ ራሳቸው ያውቁ ነበር። አበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ እናንተም ተዉዋቸው የሚል ይዘት ያለውና በአቡ ዳውድ የተዘገበው ሐዲስ ነው። ለዐፄ ዮሐንስ በጻፉት ደብዳቤም ይህንኑ አንስተዋል። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ስላለ አልነካናችሁም ነበር፤ እናንተ ግን ወሰን አልፋችሁ መጣችሁ ነው አነጋገራቸው። ክሱ ሐሰት አልነበረም። በጥር 1879 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን ወግተው አሚሩን ወድ አርባብን ገድለው፣ ብዙ ምርኮ ይዘው ተመልሰዋል። ኸሊፋው ምርኮኞቹና ወደ አበሻ የከዱት ሰዎች እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። የጠየቁት አልተፈጸመላቸውም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ በሽማግሌ ሊያልቅ የሚችል የድንበር ጠብ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ኸሊፋው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) በራእይ አየሁ፣ አበሾችን በአገራቸው እንድወጋ ፈቀዱልኝ አሉ። በመጽሐፍ የተዘገበ ሐዲስ ለብቻ በታየ ራእይ ተሻረ ማለት ነው። መሪው እንዲህ ካለ በኋላ በኡምዱርማን የትኛው አማካሪ ደፍሮ ሊናገር ይችላል? በሐሳብ የሚከራከሩት ከሰው ጋር ነው፤ ከራእይ ጋር አይከራከሩም። ሹራ የሞተው እዚያ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

የአበሻውን ቤተ መንግሥትም እንዲሁ እንመርምር፤ ፍርዱ ለአንድ ወገን እንዳያጋድል። ዐፄ ዮሐንስ ከመሐዲያው ጋር የተጣሉት በራሳቸው ጠብ አልነበረም። ግንቦት 1876 (በአውሮጳውያን ሰኔ 3 ቀን 1884) ዐድዋ ላይ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዊት ጋር ተዋዋሉ። በመሐዲው ሰዎች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው በኩል እንዲያወጡ፣ በምላሹ ግብፅ ይዛው የነበረው ቦጎስ እንዲመለስላቸው፣ በምጽዋም የጦር መሣሪያ ጭምር ሸቀጣቸው በነፃ እንዲያልፍ ነው ውሉ። ራስ አሉላ ዘመቱ፤ በመስከረም 1878 ኩፊት ላይ ከዑስማን ዲግና ጦር ጋር ብዙ ደም ፈሰሰ። ንጉሡ ቃላቸውን ጠበቁ። እንግሊዝ ግን ውሉ ከተፈረመ ስምንት ወር ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 1885 በአውሮጳ አቆጣጠር፣ ጣልያን ምጽዋ ላይ ሲወርድ ዝም ብላ አየች፤ እንዲያውም የእርሷ ይሁንታ ነበረበት። ዐፄ ዮሐንስ ሩቅ ካለ ወዳጅ ጋር ለመስማማት ሲሉ ቅርብ ያለውን ጎረቤት ጠላት አደረጉ። ወዳጁ ሲከዳቸው ጎረቤቱ እዚያው ነበር።

በ1880 መጀመሪያ ገደማ እንግሊዝ ፖርታል የሚባል መልእክተኛ ልካ ከጣልያን ጋር ላስታርቃችሁ ብላለች። የዕርቁ ሐሳብ ግን በዶጋሊ ለሆነው ይቅርታ መጠየቅንና ለጣልያን መሬት መልቀቅን የያዘ ነበርና ንጉሡ አልተቀበሉትም። አለመቀበላቸው ልክ ነው እንላለን። አስታራቂ ነኝ ብሎ የአንዱን ወገን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሽማግሌ በገጠራችንም አናጣም።

ሌላው ጉዳይ ለእኛ ቅርብ ነው። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ ክርስትና እንዲነሱ ታዘዘ። የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ሼኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈርን የመሰሉ ዑለማዎች እምቢ ብለው ሸፈቱ፤ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። ከተሰደዱት መካከል መተማና ከዚያም ወዲያ የዘለቁ ነበሩ። እንግዲህ ዐሥር ዓመት አልፎ የዚያው ንጉሥ የሰላም ደብዳቤ ገላባት ሲደርስ፣ የንጉሡን አዋጅ በገዛ ቤታቸው የቀመሱ ሰዎች እዚያው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የውጭውን ሙስሊም እንተባበር የሚል ቃል፣ የአገሩን ሙስሊም ካስከፋ አፍ ሲወጣ ማን ያምነዋል? ዐፄ ዮሐንስ አገራቸውን የሚወዱ፣ ለዳር ድንበር ሕይወታቸውን የሰጡ ንጉሥ መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን የሰላሙን ደብዳቤ ያከሸፈው የአቡ ዐንጃ ትዕቢት ብቻ ሳይሆን የቦሩ ሜዳም አዋጅ ነው።

ለመመዘኛ እንዲሆነን የሑደይቢያን ውል እናስታውስ። በ6ኛው ዓመተ ሒጅራ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከ1400 ያህል ሶሐባዎች ጋር ዑምራ ሊያደርጉ ወጥተው ቁረይሾች ከመካ በር ላይ መለሷቸው። ሱሀይል ቢን ዐምር ለድርድር መጣ። «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው ቃል ከወረቀቱ ይነሳ አለ፤ ተነሳለት። ዘንድሮ ተመለሱ አለ፤ ተመለሱ። ከመካ ሸሽቶ የመጣ ሙስሊም ይመለስልን አለ፤ ይህም ተጻፈ፤ አቡ ጀንደል በሰንሰለት እየተጎተተ መጥቶ እያዩት ተመለሰ። ዑመር (ረ.ዐ) እጅግ ከብዷቸው፣ እኛ በሐቅ ላይ አይደለንምን ብለው ፊት ለፊት ጠየቁ። ልብ በሉ፤ ጠየቁ፣ አልተቀጡም። ሶሐባዎቹ በሐዘን ደንዝዘው እርዱ ሲባሉ ሳይነሱ በቀሩ ጊዜ፣ መፍትሔውን ያመጡት እመት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው። ለማንም ሳይናገሩ ወጥተው የራስዎን ይረዱ፣ ራስዎንም ይላጩ ብለው መከሩ፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) እንዳሉት አደረጉ፤ ሰዉ ሁሉ ተከተለ። (የቤታችንን ጉዳይ እንኳ ከባለቤታችን ጋር ሳንመክር የምንጨርስ አባወራዎች እዚህ ላይ ትንሽ ብናፍር አይከፋም።)

የዚህ ውል ልዩነቱ ምንድን ነው? ሰላሙ የተፈለገው ጉልበት ሳያልቅ ነው። የተከፈለው ክብርን የሚነካ ቃል እንጂ ያልታጠቀ ሕዝብ አልነበረም። በውስጥም የተቆጣው ሰው ቁጣውን ተናግሮ ከሰልፉ ሳይወጣ ቀረ። በሁለት ዓመት ውስጥ መካ የተገባው በ10,000 ሰው ነው። ዐፄ ዮሐንስ ይህን የመሰለውን ዕድል ያገኙ የነበረው ምናልባት በ1879 የኸሊፋው ደብዳቤ ሲደርሳቸው ነበር፤ ጎንደር ሳይቃጠል፣ ጎጃም ሳይጠፋ፣ ምኒልክም ሳይሸፍቱ። ያኔ የሚጠየቁት ምርኮኛ መመለስ ነበር። በ1881 ግን በእጃቸው የሚሰጡት ነገር አልቀረም።

አሁን የተማሪዎቻችንን ጥያቄ እንመልስ። ሙስሊሞች በሁለቱም ወገን ነበሩ። የመተማው የተክሩሮች አለቃ ሼኽ ሷሊሕ ሸንቃ ሙስሊም ሆነው ከአበሻ ጋር ወግነዋል። ሙሐመድ ዐሊ ተብለው የተወለዱት ራስ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ከዐፄ ዮሐንስ ጋር መተማ ላይ ተዋግተዋል። ከአዋጁ የሸሹ ጀበርቲዎች ደግሞ ከወዲያኛው ሰፈር ነበሩ። ከሁሉ የሚበዛው ግን በየትኛውም ወገን ያልነበረው ነው። በወረታ አሻግሮ፣ ከይፋግ አጠገብ ያለችው ደሪጣ የቆየች የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ናት። የጎንደሩን አዲስ ዓለም ጨምሮ የእነዚህ ቤተሰቦች ኑሮ በሲራራ ንግድ ላይ የቆመ ነበር፤ መንገዱም የመተማ መንገድ ነበር። ሊነግዱ ወደ ገላባት የወረዱ የአበሻ ነጋዴዎች በአሚሩ ተይዘው ወደ ኡምዱርማን መነዳታቸውን በኸሊፋው ዘንድ እስረኛ የነበረው ኦስትሪያዊው ስላቲን ጽፏል። ሃይማኖታቸውን የጠየቀ ያለ አይመስልም። መሐዲያውም ቢሆን በመሐዲው አላምንም ያለውን ሙስሊም ሁሉ፣ ሱዳናዊ ይሁን ግብፃዊ፣ እንደ ጠላት ቆጥሮ ወግቶታል። ስለዚህ ልጆቻችንን፣ ይህ የሁለት መንግሥታት ጦርነት ነው፣ በሃይማኖት ልብስ ቢሸፈንም የተዋጋው ሥልጣን ነው ብለን ብንነግራቸው አልዋሸንም።

የቀረው ታሪክ የታወቀ ነው። አቡ ዐንጃ ከደብዳቤው በኋላ ብዙም ሳይቆይ በበሽታ ሞተና ዘኪ ጠማል ተተካ። ዐፄ ዮሐንስ ሠራዊታቸውን ይዘው ወርደው መጋቢት 1 ቀን 1881 መተማ ላይ ገጠሙ። አጥሩን ሰብረው ድል ሊያደርጉ ሲቃረቡ ንጉሡ በጥይት ተመቱ፤ በማግሥቱ አረፉ፤ ጦሩ ተበተነ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኡምዱርማን ተላከ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25፣ ምኒልክ ከጣልያን ጋር ውጫሌ ላይ ተዋዋሉ፤ በዚያው ክረምት ጣልያን አስመራ ገባ።

ለድሃው ግን የከፋው ሌላ ነበር። በእኛ አገር ክፉ ቀን የሚባለው የረሃብ ዘመን የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። የከብት እልቂት በምጽዋ በኩል ገብቶ ደጋውን አጥለቀለቀ፤ እንደ ፎገራ በበሬ ለሚያርስና በላሙ ለሚኖር አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከድንበሩ ወዲያም እንዲሁ ነው። ሱዳኖች 1306 ሒጅራን እስከ ዛሬ «ሰነት ሲታ»፣ የስድስቱ ዓመት፣ ብለው በረሃቡ ያስታውሱታል። የሰላሙ ደብዳቤ የተጻፈበት ዓመት መሆኑ ነው። ሁለቱም ሠራዊቶች የገበሬውን ጎተራ በልተው ነበር የተዋጉት።

ዐፄ ዮሐንስ የጠየቁት ሰላም በመጨረሻ መጥቷል። ከዐድዋ ድል በኋላ ኸሊፋ ዐብዱላሂ ሙሐመድ ዑስማን የሚባሉ መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ ላኩ፤ ዐፄ ምኒልክም በወዳጅነት ተቀበሏቸው። ሁለቱ መንግሥታት ተላላኩ፣ ፈረንጅን አናስገባም ተባባሉ። ያን ጊዜ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ወደ ደንገላ ተንቀሳቅሶ ነበር። በነሐሴ 1890 ከረሪ ላይ በአንድ ጧት ከ10 ሺህ በላይ አንሷር በመትረየስና በመድፍ አለቀ። ኸሊፋውም በኅዳር 1892 ከምንጣፋቸው ላይ ሳይነሱ ተገደሉ።

በግንቦት 1894 የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። መተማ ለሁለት ተከፈለች፤ ገላባት ከወዲያ፣ ዛሬ መተማ ዮሐንስ የምትባለው ከወዲህ ቀረች። በኢትዮጵያ ወገን የተፈራረሙት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። በሱዳን ወገን የፈረመው ሐሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር።